ኮቱን ሊያሰፋ የመጣው ማስትሮ

«እማማ፣ ዛሬ ምን ነክቶኝ ነው ክሩ ሁሉ የሚበጠስብኝ… የአየሩ ነገር ይሆን? ፀሐይዋ ደግሞ ደስ ትላለች አይደል? ትናንት እንዲህ ነበረች? እኔ እንጃ። ጠዋት አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ ተርትሬ ስሰፋው መልሼ ገለበጥኩት። ባለቤቱ ወደ ኋላ ካልሄደ በቀር የሚለብሰው አይደለም። በነጩ ሸሚዝ ላይስ ምን ዓይነት ቁልፍ እንደተከልኩ አዩልኝ? ጥቁር። ለዚያውም የካፖርት…»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የምታወራው ለአማቷ ነው። አማቷ ጥግ ላይ በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጠው አሮጌ ስፌት ይተረትራሉ። ወሬ ይወዳሉ፤ መመለስ ግን አይወዱም። ጆሯቸውም ትንሽ ከበድ ስላለ ምራታቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማውራት ከለመደች ቆይታለች። በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የቤቱን ጉዳይ እየሰማ ነው የሚያልፈው።

ሱቋ ከትልቁ ቲያትር ቤት ጀርባ፣ ሽቅብ ከሚወጣው የድንጋይ ደረጃ ሥር ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ሰው የሚያህል መስታወት፣ ከመስታወቱ ፊት ደግሞ ልብስ የሚለካ ሰው የሚቆምባት የእንጨት ሳጥን። ከዚያ የተረፈውን ቦታ አማቷና ቁርጥራጭ ጨርቅ ተካፍለውታል።

እጇ ያልረጋው ያለ ነገር አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሟ ደውሎላት ነበር። «ደርሻለሁ፣ ሻንጣዬን እየጠበቅኩ ነው» አላት። አሥራ ሰባት ዓመት በዓይኗ ያላየችው ወንድሟ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ቲያትር ቤት አኮርዲዮን ሊጫወት ነው የመጣው። ባሕር ማዶ እሱ ይጫወታል ከተባለ አዳራሹ ባንድ ቀን ይሞላል። ቋንቋውን የማይሰማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠው ያለቅሳል። በተወለደበት ከተማ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ድረስ ከእህቱ በቀር የሚጠይቀው አልነበረም። ሰፈሩ ዝናውን የሰማው ከውጭ አገር ሰዎች ነው። ጎብኚዎች እየመጡ የድንጋዩን ደረጃ ፎቶ ማንሳት፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ እየተቀመጡ መነሳት ሲጀምሩ፣ ጎረቤቱ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ብሎ አቤቱታ ሊጽፍ ተሰብስቦ ነበር። እዚያ ደረጃ ላይ ወንድሟ በምሳ ሰዓት ይጫወት እንደነበር ያስታወሰች እሷ ናት። ሰዎቹ አቤቱታቸውን አጣጥፈው፣ ሁሉም ድሮም ያውቁት እንደነበር እየተናገሩ ተበተኑ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጥቁር ኮት በክንዱ የያዘ፣ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ገባ። ገና አንድ እግሩ ውጭ እያለ ነው ያወቀችው። ሃያ አምስት ዓመት የቲያትር ቤቱን ኦርኬስትራ የመራ፣ ከተማው ሁሉ «ማስትሮ» የሚለው ሰው ነው። እሱ አላወቃትም።

«እህቴ፣ ይሄን ኮት ለዛሬ ታሰፊልኛለሽ? ጎኑ ይዞኛል» አለ። እሺ ከማለቷ በፊት ቀጠለ። «ዛሬ ያ ታዋቂው አኮርዲዮን ተጫዋች መጥቷል። መድረክ ላይ የማስተዋውቀው እኔ ነኝ። ተማሪዬ ነው። ከእጄ የወጣ ልጅ ነው።»

አማቷ መተርተሩን አቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ከሆዷ የተነሳ ሳቅ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ሲታገላት፣ አራት ስፒል ከንፈሯ መሐል ሰክታ አፈነችው። ኮቱን አልብሳ ሳጥኗ ላይ አቆመችው። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«ልክዎን እንወቀው ማስትሮ» አለችና ወደ አማቷ ዞረች።

«ሥራዬን የምወደው ለዚህ ነው እማማ። ልክ የሌለው ሰው የለም። አንዳንዱ እኔ ልክ የለኝም ብሎ ይገባል፤ ሜትሩን ዞር ሳደርግበት ግን እንደማንኛውም ሰው ቁጥር ይወጣለታል… ደግሞ ተማሪ ያለው ሰው እንዴት የታደለ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሰፋሁ፣ ከእጄ የወጣ ምን አለ? ሱሪ። ሱሪ ደግሞ ዞሮ ስሜን አያነሳም። ሰው ግን ከእጅ ሲወጣ እንዴት እንደወጣ ያስታውሳል፣ አያስታውስም? አንዱ ተመርቆ ይወጣል፣ ሌላው… እጅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ ማስትሮ፣ ስፒል እንዳይወጋዎት።»

ማስትሮው እጁን ዝቅ አደረገ። ጎኑ ላይ ስድስት ስፒል፣ ጀርባው ላይ አራት ተሰክቶበታል። መተንፈስ እንጂ መንቀሳቀስ አልቻለም።

«አንድ የተከበሩ ሰው ነበሩ እማማ። ስማቸውን አልጠራም፤ ትልቅ ሰው ስሙ በየሱቁ ሲነሳ ደስ አይለውም። ከሙያቸው ሁሉ የሚገርመኝ ሩቅ አሳቢነታቸው ነው። እኛ ቅርብ አሳቢዎች ጎበዝ ልጅ ስናይ እዚሁ ይቆይልን እንላለን። እሳቸው ለልጁ ሩቅ አሰቡለት… ባሕር ማዶ ድረስ። ሌላው መምህር ምክር ይሰጣል፤ እሳቸው መንገዱን ራሱን ሰጡት። ያውም በልምምድ መሐል፣ ሃያ ሁለት ሰው ፊት። እንዲህ ያለ ቸርነት አይተው ያውቃሉ?»

ማስትሮው በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አያት። እሷ በጠመኔ መስመር እያሰመረች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ኦርኬስትራው ውስጥ ይጫወት ነበር። አኮርዲዮኑን ሲጫወት ከምቱ ጥቂት ዘግየት ይላል፤ በር ላይ ደርሶ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቆም እንደሚል ሰው። ጓደኞቹ «አቶ ቆይ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አንድ ጠዋት ማስትሮው ሁሉንም አስቆመና፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ ስንጨርስ ሰው ልከን እናስጠራሃለን፤ ያኔ ትጀምራለህ» አለው። ሃያ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ጋብ ሲል መሣሪያውን ይዞ እንዲወጣና እንዳይመለስ ነገረው። ልጁ በቀጥታ የመጣው ወደ እህቱ ሱቅ ነው። አኮርዲዮኑን መቁረጫ ጠረጴዛው ሥር አስገብቶ አንድ ወር ሙሉ አልነካውም። የመሣሪያው ወናፍ ተሰንጥቆ አየር ያስወጣ ስለነበር፣ እሷ ከአንድ ደንበኛ ኮት የተረፈ ግራጫ ገበር ለጥፋ ጠገነችለት። ከዚያ ነው በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ወጥቶ መጫወት የጀመረው። እዚያ እንዳለ ድልድይ ልትሠራ የመጣች የውጭ አገር መሐንዲስ ሰማችው። ቆማ ሰማች፤ በማግስቱ ካሴት መቅጃ ይዛ መጣች። ዓመት ሳይሞላ ከአገሯ የግብዣ ደብዳቤ ደረሰው።

ከካሴቱ አንዱ ቅጂ እህቱ ጋ ቀርቶ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ሙዚቃ የሚያሳልፈው ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ይዛው ሄደች። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ማስትሮው ሆኖ አገኘችው። ካሴቱን ከትቶ ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አለ፣ አጠፋው፣ ወረቀት ላይ «ጊዜ አይጠብቅም» ብሎ ጽፎ ገፋላት፤ ከምቱ ይዘገያል ማለቱ ነው። ቀና ብሎ አላያትም። ያየችው መሐል አናቱን ብቻ ነው። እናታቸው ግን ምናልባት አንድ ቀን ካሴቱን ያሰሙት ይሆናል እያለች፣ እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮኑን ከፍታ ትቀመጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስለ መባረሩ መሳቅ ትችላለች። ስለዚያ ሬዲዮ ስታስብ ግን ስፒሉን ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች።

«እኚሁ ሰው ሬዲዮ ጣቢያም ነበሩ አሉ እማማ…» አለች ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ አድርጋ። «ሌላው ሰው ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ነው የማይገባው። እሳቸው የሰው ጊዜ አያባክኑም፤ ገና ሲጀምር ነው የማይገባቸው። ጊዜ አይጠብቅም ብለው ጻፉበት። እውነታቸውን ነው… ጊዜ መቼ ማንን ጠብቆ ያውቃል? ልጁም አልጠበቀም፣ ሄደ። አሁን እዚያ ማዶ ያችን መዘግየቱን በትምህርት ቤት ያስተምሯታል። ሁለት ዓመት ትፈጃለች። ፈረንጆቹ ላብ በላብ ሆነው መዘግየት ሲያጠኑ አይታይዎትም? እኚያ ሰው በአንድ ጠዋት ሊያስተዉት የነበረውን… ያኔ ሁሉም ልጁን ኋላ ቀረ አለው። ለካ ኋላ የቀረው ሌላ ነው። ቲያትር ቤቱን ማለቴ ነው፤ ግድግዳው ከዚያ ወዲህ ቀለም አልነካውም።»

እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። ሦስት ስፒል ከአፏ መሬት ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብላ ስትለቅም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቷ መቀሳቸውን አስቀምጠው፣ ፊታቸውን በሚተረትሩት ቀሚስ ሸፈኑ።

ማስትሮው አሁን ገብቶታል። የማን እህት እንደሆነችም ሳያውቅ አልቀረም፤ ወንድሟ ዓይኗን ነው የወሰደው፤ መስታወቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚያየው ዓይኗን ነበር። ትቶ መውጣት አማረው። ነገር ግን አሥር ስፒል የተሰካበት ኮት ለብሶ የት ይኬዳል? እሷም በስንት ጥንቃቄ አወለቀችለትና ወደ መኪናዋ ይዛው ሄደች። ከዚያ በኋላ መውጣቱ ጭራሽ አልሆነም፤ ኮቱ መርፌ ሥር ገብቷል፤ ሌላ ኮት የለውም። በሸሚዙ ቁጭ አለ።

እሷ ጎኑን ተርትራ ከፈተችው።

«አቤት ጨርቅ… እማማ፣ የድሮ ጨርቅ እኮ ሌላ ነው። ውጪውን ቢያዩት ዛሬ የተገዛ ነው የሚመስለው። ያለቀው ገበሩ ነው። ገበር ደግሞ ማን ያያል? ለባሹ እንኳ አያየውም፤ ከጀርባው ነው ያለው። ትከሻው ግን እንዴት ሰፊ ነው… እንዲህ ያለ ትከሻ የራሱን ብቻ አይደለም፣ የሌላ ሰው ዝናም ቢጭኑበት ይችላል። ይቺ ቁልፍ ደግሞ ላልታለች። እኔ የምለው፣ ጋዜጣው ያለፈው ሳምንት እኚያን ሰው በልጁ ሕይወት ውስጥ ቁልፍ ሰው ናቸው ብሎ አልጻፈም? አንዳንዱ ሲያነበው ሳቀ አሉ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እውነት ነው፣ እሳቸው ቁልፍ ናቸው። ያለ ቁልፍ በሩ እንዴት ብሎ ይዘጋበት ነበር?»

መኪናዋ ተንጣጣች። እግሯ መርገጫው ላይ እየጨፈረ ነው ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ፣ ወንድሟ ከተማው ውስጥ በሆነ ክፍል ፊቱን እየታጠበ ነው። እሷ ደግሞ የማስትሮውን ኮት እየሰፋች ነው። ይህን ማን ያምናል? ደስታው እንደ ሞቅታ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት ነበር።

«ደግሞ እማማ፣ የቲያትር ቤቱ በር ላይ የሰቀሉትን ፎቶ አይተውታል? ገልብጠው ነው ያተሙት። የሚመታበት እጁ በዚያ በኩል፣ ወናፉን የሚስብበት በዚህ በኩል ሆኗል። ማዶ ያለ ሕፃን ቢያየው ስህተቱን ያውቃል። እዚህ ግን ማን ያውቃል… እኚያ የተከበሩ ሰው ካልነገሩን በቀር። እሳቸው አስተምረውት የለ? በየትኛው እጁ እንደሚጫወት እንዴት ይጠፋቸዋል?»

ከኋላዋ የወረቀት ድምፅ ሰማች። ዘወር አለች።

ማስትሮው ከሸሚዙ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ፣ ቁልፍ በምትደረድርበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል። መድረክ ላይ የሚያነበው ንግግር ነው። በሌላው እጁ እስክርቢቶ ይዟል። ጣቶቹ ቀጥነዋል፣ ቆዳው ላልቷል። ሃያ አምስት ዓመት ያችን ኦርኬስትራ ሲያሰማምር የኖረ እጅ ነው። ባሕር ማዶ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ የለም። በራሱ ከተማም ቢሆን ከነገ ወዲያ ማን ያነሳዋል? ሊቀደው ነው አለች በልቧ። ሊቀደው ነው።

የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ ወደ መኪናዋ ዞረች። አማቷ ቀና ብለው ጠበቁ፤ ቀጣይ የለም። ገበሩንም መለወጥ ጀመረች፤ ማንም አላዘዛትም። ይህ ሽማግሌ ነው፣ በቃ፣ ኮቱን ሰፍቼ በክብር ልሸኘው ብላ ወሰነች። ወንድሟም በስልክ ስለ ማስትሮው ስትነግረው፣ «ተይው፣ ያስተዋውቀኝ፤ ምን ይጎዳኛል» ነበር ያላት።

የላላችውን ቁልፍ የምታጠብቅበት ክር ፍለጋ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ማስትሮው ጽፎ ጨርሶ እስክርቢቶውን እየከደነ ነበር። ሳትፈልግ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ከላይ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ «ተማሪዬ» የሚለው ቃል በጥንቃቄ፣ በቀጭን መስመር ተሰርዟል። በላዩ ላይ በሚያምር እጅ ጽሑፍ «የረጅም ዘመን የልብ ወዳጄ» ተብሎ ተጽፏል።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ሰውየውን አየች። ሳቁ እንደገና ከሆዷ ተነሳ፤ ይሄኛው ግን ረጋ ያለ፣ የሞቀ ሳቅ ነበር። ክሩን ይዛ ተመለሰች። ቁልፏን አጠበቀች፣ ኮቱን በካውያ ተኮሰች፣ ኮሌታውን በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገች።

በዚያ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ምን እንደሆነ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ማስትሮው አዲስ በሚመስል ጥቁር ኮት መድረክ ላይ ወጣ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ልብስ ሰፊ አየ፣ እጁን ባዶውን መለሰው። የተጫዋቹን ስም ጠራና ወረደ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ልጁ አኮርዲዮኑን አቅፎ ሲወጣ እህቱ መቀመጥ አቃታት፤ መቆምም አቃታት፤ አማቷ በቀሚሷ ይዘው አስቀመጧት። ሲጫወት ስታለቅስና ስትስቅ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየም።

ያ ግን የከሰዓት በኋላው ነው። አሁን ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም፤ ማስትሮው ኮቱን ለብሶ የሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ከትከሻው ላይ አንዲት ክር በጣቷ እያነሳችለት ነው። ኮቱ ልክ ሆኖለታል፤ እንዲያውም አምሮበታል። ለመሄድ አንድ እግሩን ሲያነሳ፣ እሷ በጣፋጭ ድምፅ፣ እንደ ልጅ ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ እኚያን የተከበሩ ሰው ይህን ሁሉ አንስተናቸው ሳንመርቃቸው ልንቀር ነው? ደግ አይደለም… ማስትሮ፣ እርስዎም ቆም ይበሉና አሜን ይበሉልን፤ የትልቅ ሰው አሜን ይደርሳል። እግዜር ለእኚያ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቤታቸውን ይሙላው። የእሳቸውን ዓይነት ሰው ለየሰፈሩ አንዳንድ ያድልልን… ስንቱ ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሚያባርረው አጥቶ እቤቱ የቀረው።»